ባለ ላባ እግሩ ዶሮና የእንጦጦ ብርድ

ፊዚክስ ከመማሪያ መጽሐፍና ከቤተ ሙከራ ውጭ ቦታ የሌለው ትምህርት ነው ብለው የሚያስቡ ጥቂቶች አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ ግን የፊዚክስን ሕግጋት ይዘን ወደ ዶሮ ቆጥ እንወጣለን። ለዚህ ምክንያት የሆነን ከተማሪዎቻችን አንዱ ያቀረበልን ጥያቄ ነው።

ተማሪው የሚኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። እናቱ ዘጠኝ የሐበሻ ዶሮዎች አሏቸው። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ በስልኩ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየን። ምስሉ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኮሶቮ ወጥቶ በመላው ዓለም የታየው የግዙፉ አውራ ዶሮ ምስል ነበር። ዶሮው ከቤቱ ሲወጣ ሕፃን ልጅ ያህላል፤ እግሩም እስከ ጣቶቹ ድረስ ላባ ለብሷል። ተማሪውም፣ «እናቴ ዶሮዎቿን በሙሉ ለበዓል ሸጣ በዚህ ዓይነት ዶሮ ልትተካቸው አስባለች። እግሩ ድረስ ላባ ስለ ለበሰ ለእኛ ሰፈር ብርድ አይሻልም ወይ?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ ይመለከታል። ከዚያም አልፎ፣ አንድን ዘር በሌላ ዘር ስንተካ ምን እንደምናገኝና ምን እንደምናጣ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ለተማሪው የሰጠነውን መልስ በዝርዝር ለአንባቢያን ማቅረቡ ይጠቅማል ብለን አመንን።

ዶሮው ማን ነው?

በምስሉ ላይ የታየው ዶሮ ብራህማ ይባላል። ስሙ በደቡብ እስያ ከሚፈሰው የብራህማፑትራ ወንዝ የተወሰደ ይሁን እንጂ፣ የዝርያው ታሪክ በዋናነት የሚያያዘው ከቻይና ጋር ነው። የመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በ1842 እ.ኤ.አ. ካበቃ በኋላ የሻንግሃይ ወደብ ለውጭ ነጋዴዎች ተከፈተ። በዚያው ዐሥርት ዓመት ውስጥ አካላቸው የገዘፈ፣ እግራቸው ላባ የለበሰ ዶሮዎች በመርከብ ተጭነው ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ደረሱ። በአሜሪካ የነበሩ አርቢዎች እነዚህን ዶሮዎች ዛሬ በባንግላዴሽ ከምትገኘው ከቺታጎንግ ከመጡ ዶሮዎች ጋር እንዳዳቀሏቸው ይታመናል። ብራህማ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ የዶሮ ፍቅር እንደ ወረርሽኝ ተዛምቶ ነበር። ጆርጅ በርንሃም የተባለው አሜሪካዊ አርቢ በ1852 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ዶሮዎች ለንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ላከ፤ የዶሮዎቹም ዋጋ ወዲያው ናረ። በ1874 እ.ኤ.አ. ዝርያው በአሜሪካ የዶሮ ዝርያዎች መለኪያ መጽሐፍ ውስጥ ተመዘገበ። በዚህ መለኪያ መሠረት የፈካው ብራህማ አውራ ዶሮ 5.4 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ደግሞ 4.3 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ብራህማ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ ከዋነኞቹ የሥጋ ዶሮዎች አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለሥጋ ብቻና ለእንቁላል ብቻ ተመርጠው የተራቡ፣ ቶሎ የሚያድጉ ዶሮዎች ቦታውን ወሰዱበት። እርሱም በአብዛኛው በወዳጆቹ ግቢ ተወስኖ ቀረ።

ይህን ዶሮ ከሌሎች የሚለዩት ሦስት ጠባዮች ናቸው። እነርሱም የአካሉ ግዝፈት፣ በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ማለትም የኩክኒው ማነስ፣ እንዲሁም ላባ የለበሰው እግሩ ናቸው። ሦስቱንም ተራ በተራ ከሙቀት ሕግ አንጻር እንመረምራለን። አስቀድመን ግን የእንጦጦ ብርድ ምን ዓይነት ብርድ እንደሆነ ማወቅ አለብን።

የእንጦጦ ሌሊት

የአዲስ አበባ ማዕከላዊ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አላቸው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ስንወጣ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በከተማው መካከልና በተራራው አናት መካከል ከ5 ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በከተማው ውስጥ እንኳ የሙቀት መጠኑ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሽቅብ ወደ ዳገቱ ደግሞ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

የበጋው ብርድ ሌላም ምክንያት አለው። በእንጦጦ አናት የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ስስ፣ ደረቅና ከደመና የጸዳ ሲሆን ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊቱን በጨረር ወደ ጠፈር ያመልጣል። የእንጦጦ የጠፈር ምልከታ ማዕከል ቴሌስኮፖች በዚያ ተራራ ላይ መተከላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለኮከብ ቆጣሪው የሚመቸው ጥርት ያለ ሌሊት ቆጥ ላይ ላደረ ዶሮ ብርድ ያመጣበታል።

ክረምቱ ግን ከዚህ ይለያል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ እርጥብ፣ መሬቱም ጭቃ ነው። እንግዲህ በየካ ዳገት የሚኖር ዶሮ ሁለት ዓይነት ብርድ ይገጥመዋል ማለት ነው፤ አንዱ የበጋው ደረቅ ብርድ፣ ሁለተኛው የክረምቱ እርጥብ ብርድ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ የጥያቄው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ጠባይ፦ ትልቅ አካል

የዶሮ የአካል ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የውጭው አየር 6 ዲግሪ ከሆነ የሁለቱ ልዩነት 35 ዲግሪ ይሆናል። ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሚሄድ ዶሮው ሌሊቱን በሙሉ ሙቀት ያጣል፤ የጠፋውንም ከበላው ምግብ መተካት አለበት። የሚጠፋው ሙቀት ከገጽታው ስፋት ጋር፣ ሙቀትን ይዞ የሚቆየው አካል ደግሞ ከይዘቱ ጋር ይመጣጠናል።

ስሌቱን ለማቃለል ዶሮን እንደ ኳስ እንቁጠረው። ይህ የፊዚክስ ሰዎች የታወቀ ልማድ ነው፤ መልሱ ፍጹም ባይሆንም አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል። አንድ ኪሎ ግራም የዶሮ አካል አንድ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል ብንል፣ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የሐበሻ ዶሮ ሬዲየሱ 7.1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ይሆናል። የገጽታ ስፋቱም 0.063 ሜትር ካሬ ነው። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ብራህማ ደግሞ ሬዲየሱ 10.6 ሳንቲ ሜትር፣ የገጽታ ስፋቱ 0.141 ሜትር ካሬ ይሆናል። አሁን ስፋቱን ለክብደቱ እናካፍል። የሐበሻው ዶሮ በኪሎ 0.042፣ ብራህማው ግን በኪሎ 0.028 ሜትር ካሬ ብቻ ለብርድ ያጋልጣል። እንግዲህ ትልቁ ዶሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያጋልጠው ገጽታ በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው። ጀርመናዊው ካርል በርግማን በ1847 እ.ኤ.አ. የቀዝቃዛ አገር እንስሳት ከሞቃት አገር ዘመዶቻቸው የመግዘፍ ዝንባሌ እንዳላቸው ሲጽፍ የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር።

እስካሁን ነጥቡ ለብራህማ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይገባል። ማክስ ክላይበር በ1932 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እንስሳ ዐርፎ ሳለ የሚያመነጨው ሙቀት ክብደቱ በ0.75 ኃይል ከፍ ሲል ከሚገኘው ቁጥር ጋር ይመጣጠናል። ይህን ቁጥር በ3.5 ብናባዛው ግምቱን በዋት እናገኛለን። በዚህ ስሌት የሐበሻው ዶሮ ወደ 5 ዋት፣ ብራህማው ወደ 12 ዋት ያመነጫሉ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ፣ ብራህማው ምንም ሳይሠራ በቀን 1 ሚሊዮን ጁል ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ኪሎ ግራም እህል ለዶሮ ወደ 12.5 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል ብንል፣ ለመኖር ብቻ ብራህማው በየቀኑ 80 ግራም፣ የሐበሻው ዶሮ ግን ከ30 ግራም ጥቂት የሚበልጥ እህል ይፈልጋሉ። ለመራመድ፣ ለማደግና እንቁላል ለመጣል የሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በኪሎ ሲታሰብ ትልቁ ዶሮ ቆጣቢ ነው፤ በራስ ሲቆጠር ግን ከሐበሻው ዶሮ ሁለት ተኩል እጥፍ ይበላል። የሐበሻ ዶሮ ያንን 30 ግራም ከግቢው ጭሮ፣ ትልና ነፍሳት ለቅሞ፣ የወዳደቀ ፍርፋሪ አንሥቶ የማሟላት ዕድል አለው። ብራህማው ግን በአብዛኛው የሚኖረው በተገዛ መኖ ነው። ዘግይቶ የሚጎለምስ ዝርያ መሆኑም የመኖውን ወጪ ያረዝመዋል።

ግዝፈት ሌላም ዋጋ አለው። ቁመት፣ ወርድና ርዝመት በእኩል መጠን ሲያድጉ ክብደት በኩብ፣ የአጥንት ጥንካሬ ግን በካሬ ነው የሚያድገው። 1.5 ሜትር ከፍታ ካለው ቆጥ የሚዘል የሐበሻ ዶሮ 22 ጁል ያህል ይዞ ሲያርፍ፣ 5 ኪሎው ዶሮ ግን 74 ጁል ይዞ ያርፋል። ክብደቱን ለመሸከም የቀረበው የእግር ስፋት ያደገው ግን በ2.2 እጥፍ ብቻ ነው። ከባድ ዶሮዎች የመዳፍ ቁስል የሚያጠቃቸው፣ ቆጣቸውም ዝቅ ብሎ መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ፦ ትንሽ ኩክኒ

ኩክኒ ለዶሮ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዶሮ ላብ ስለሌለው በሙቀት ጊዜ ብዙ ደም ወደ ኩክኒውና ከመንቆሩ በታች ወደሚንጠለጠለው ቀይ ሥጋ ይልካል፤ በዚያም ሙቀቱን ያስወግዳል። ሥራው የመኪናን ራዲያተር ይመስላል። ሰፊና ቀጭን ነጠላ ኩክኒ ለቆላ የተመቸ ራዲያተር ሲሆን፣ በብርድ አገር ግን ሙቀት አባካኝ ነው። ጽኑ ውርጭ ሲሆን ጫፉ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ጆኤል አለን በ1877 እ.ኤ.አ. የብርድ አገር እንስሳት ጆሮና ጅራትን የመሳሰሉ ተቀጽላዎቻቸው አጫጭር መሆናቸውን ጽፏል። የብራህማ ኩክኒ ዝቅ ያለና በሦስት ረድፍ የአተር ፍሬ የተደረደረበት የሚመስል ስለሆነ የአተር ኩክኒ ተብሏል።

ይህ ዓይነቱ ኩክኒ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ክብር ያለው ቦታ አለው። ዊልያም ቤትሰን በ1902 እ.ኤ.አ. የሜንዴል የውርስ ሕግ ከዕፀዋት ባሻገር በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ካሳየባቸው ጠባዮች አንዱ የዶሮ ኩክኒ ቅርጽ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአተር ኩክኒ ምክንያት ሶክስ5 በተባለው ዘረመል ውስጥ አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ መደጋገሙ እንደሆነ ታወቀ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። የአተር ኩክኒ ለማግኘት ወደ ብራህማ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ዶሮዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአተር ኩክኒ በሐበሻ ዶሮዎች ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አረጋግጠዋል። የአገራችን ገበሬም ነጠላውን ከድርቡ ለይቶ ያውቃል፤ በብዙ ገበያዎችም ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ ዶሮ ይበልጥ ይፈለጋል። ሾላ ገበያ በበዓል ዋዜማ የሄደ አንባቢ ገዥዎች የዶሮውን ቀለም ብቻ ሳይሆን አናቱንም ሲመለከቱ ሳያስተውል አይቀርም።

ሦስተኛው ጠባይ፦ ላባ የለበሰ እግር

አሁን ወደ ተማሪያችን ዋና ጥያቄ ደረስን። በተለመደው ዶሮ ከጉልበት በታች ያለው የእግር ክፍል ቅርፊት የለበሰ ነው። በብራህማ ግን በቅርፊቱ ፈንታ ላባ ይበቅላል። የዚህ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በታተሙ ጥናቶች ተብራርቷል። ቲቢኤክስ5 የሚባለው ዘረመል በጽንሱ ውስጥ በተለምዶ የሚሠራው ክንፍ በሚበቅልበት ስፍራ ነው፤ ፒትክስ1 የሚባለው ደግሞ እግር በሚበቅልበት ስፍራ ይሠራል። ባለ ላባ እግር በሆኑ ዶሮዎች እነዚህን ዘረመሎች የሚያበሩና የሚያጠፉ ክፍሎች ተለውጠዋል። በዚህም የተነሣ የክንፉ ዘረመል በእግርም ውስጥ ይነቃል። በአጭሩ፣ እግሩ ከክንፍ ጠባይ ጥቂት ተበድሯል ማለት ይቻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእርግቦች እግር ላይ የሚበቅለው ላባም ከእነዚሁ ሁለት ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ይህ ላባ ያሞቃልን? መልሱ «ደረቅ ከሆነ፣ አዎን» የሚል ነው። ላባ ራሱ ሙቀት አያመነጭም። ሥራው አየርን አስሮ ማቆም ነው። የቆመ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጥሩ ሙቀት ከልካይ ይሆናል። የጋቢ አሠራርም ይኸው ነው። ስለዚህ በኅዳር ደረቅ ብርድ ባለ ላባ እግር የሆነ ዶሮ ጥቂት ጥቅም ያገኛል። ጥቂት የምንለው ባዶ እግር ያላቸው አዕዋፍም መከላከያ ስላላቸው ነው። በብዙ አዕዋፍ እግር ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ሙቅ ደምና ወደ ላይ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የሚወርደው ደም ሙቀቱን ለሚመለሰው ያስረክባል። እግሩ ቢቀዘቅዝም የአካሉ ሙቀት አይባክንም። ዶሮም ቆጥ ላይ ሲያድር ቁጢጥ ብሎ እግሩን በሆዱ ላባ ይሸፍናል።

ክረምት ሲገባ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ላባው ሲርስ በውስጡ የታሰረውን አየር ውሃ ይተካዋል፤ ሙቀት ከልካይ የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ይሆናል። በዚህ ላይ ትነት ይጨመራል። አንድ ግራም ውሃ ለመትነን 2,400 ጁል ያህል ይፈልጋል። የዶሮው እግሮች በላባቸው ውስጥ 10 ግራም ውሃ ቢይዙና ያም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢተን፣ በድምሩ 24,000 ጁል፣ በአማካይ ከ3 ዋት በላይ ሙቀት ይወስዳል። ከዚህ ከፊሉ ከአየሩ ቢመጣም፣ ዐርፎ ሳለ 12 ዋት ብቻ ለሚያመነጭ አካል ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ቅርፊት ብቻ የለበሰው የሐበሻ ዶሮ እግር ግን ውሃው ወዲያው ይንጠባጠብለታል።

ጭቃውም አለ። ጭቃ በእግር ላባ ላይ ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ላባውን ይሰብራል፤ ጣቶችንም ያቆስላል። በቅርፊት ሥር የሚኖሩ የእግር እከክ ተባዮችን በላባ ውስጥ ፈልጎ ማከምም ከባድ ነው። ብራህማን የሚያረቡ ሰዎች ዘወትር ደረቅ ወለልና ንጹሕ ጉዝጓዝ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የዘረመል ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ባለ ላባ እግርነት በአብዛኛው ገዢ ጠባይ ነው። ብራህማ አውራ ዶሮ ከሐበሻ ሴት ዶሮዎች ጋር ቢደባለቅ ጫጩቶቹ በእግራቸው ላይ ይነስም ይብዛ ላባ ይዘው ይወጣሉ። ዶሮ አጥር ስለማይከለክለው፣ በአንድ ግቢ የገባ ጠባይ ወደ ጎረቤት መሻገሩ አይቀርም።

በእጃችን ያለው ሀብት

ዶሮ ወደ አገራችን የገባው ትናንት አይደለም። በትግራይ በሚገኘው የመዝበር ጥንታዊ ሥፍራ ተቆፍረው የወጡ የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተረጋግጧል፤ በአፍሪካ ከተገኙት ጥንታዊ የዶሮ አጥንቶችም መካከል ይመደባሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ብርዱ፣ በሽታው፣ ጭልፊቱና የመኖ እጥረቱ መራጮች ነበሩ። የኢትዮጵያን አገር በቀል ዶሮዎች ዘረመል ከሚኖሩበት አካባቢ አየር ጠባይ ጋር ያነጻጸረ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጥናቱ ያሳየው አካባቢው በዘረመላቸው ላይ የራሱን አሻራ መተዉን ነው።

በእርግጥ የሐበሻ ዶሮ ድክመት አለው። በገጠር አያያዝ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ30 እስከ 60 ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ድክመቱን ለማረም መተካት ብቸኛው መንገድ አይደለም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆሮ ዶሮን በምርጫ የማሻሻል ሥራ ተካሂዷል። አውራዎቹ በ16 ሳምንት ክብደታቸው፣ ሴቶቹ በእንቁላላቸው ብዛት እየተመረጡ ተረባ ከተረባ ተከትሏል። የዘር ግንዱ ሳይቆረጥ ምርቱ ሊያድግ እንደሚችል በዚህ ታይቷል።

የብራህማ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ገበያው ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ጥቂት ወዳጆች ባያቆዩት ኖሮ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የእግር ላባን ምሥጢር የፈለጉ ተመራማሪዎች የሚመረምሩት የብራህማ ደም ባላገኙ ነበር። ከጠፋ በኋላ ጠቃሚነቱ የሚታወቅ ዘር ሊመለስ አይችልም።

በገዛ እጃችሁ መርምሩ

የተናገርነውን አንባቢ በቃላችን ብቻ እንዲቀበል አንፈልግም። የሚከተለውን ሙከራ በትምህርት ቤት ወይም በቤት መሥራት ይቻላል። ሦስት እኩል የሆኑ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳዎች፣ ሁለት አንድ ዓይነት የሱፍ ካልሲዎችና ቴርሞሜትር አዘጋጁ። በሦስቱም ጣሳዎች እኩል መጠን ያለው 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ጨምሩና አፋቸውን ክደኑ። የመጀመሪያውን ጣሳ ባዶውን ተዉት፤ ሁለተኛውን ደረቅ ካልሲ አልብሱት፤ ለሦስተኛው ካልሲውን በውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ አልብሱት። ሦስቱንም ነፋስ በሚያገኛቸው ደጅ አኑሩና በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ሙቀታቸውን መዝግቡ። ውጤቱን በግራፍ ስትነድፉ የደረቀው ካልሲ ከሁሉ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ታያላችሁ። የራሰውን ካልሲ ከባዶው ጣሳ ጋር ስታነጻጽሩ ግን የሐምሌ ዶሮ ምን እንደሚደርስበት ይገባችኋል።

ሁለተኛው ሥራ ቆጠራ ነው። በሰፈራችሁ ወይም በገበያ 50 ዶሮዎችን ተመልከቱ። ነጠላ ኩክኒና ድርብ ኩክኒ ያላቸውን ለይታችሁ ቁጠሩ፤ የእግራቸውንም ሁኔታ መዝግቡ። በደጋና በቆላ የሚኖሩ ተማሪዎች መዝገባቸውን ቢያነጻጽሩ ጥሩ የምርምር መነሻ ያገኛሉ።

ለማጠቃለል ያህል

ከሦስቱ ጠባዮች ትልቁ አካል ከእንጦጦ ብርድ ጋር ይስማማል፤ ዋጋው ግን በመኖ ይከፈላል። ትንሹ ኩክኒ ይጠቅማል፤ እርሱንም ዶሮዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። የእግሩ ላባ ግን በበጋ ጥቂት ረድቶ በክረምት ብዙ ይጎዳል። ደረቅ ወለል ያለው ቤትና በቂ መኖ ያለው ሰው ብራህማን ቢያረባ አንቃወምም፤ ውበቱም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ጠባይ ለዓይን ስለ ማረከ ብቻ ያለውን በሙሉ ሸጦ መተካት፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለውን መሆን ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪያችን ካስረዳነው በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ የእናቱን ዶሮዎች መረመረ። ከዘጠኙ ስድስቱ ድርብ ኩክኒ ነበራቸው። ከእነዚህም ሦስቱ ቀደም ባለው ዓመት ፈንግል ሰፈሩን ሲያዳርስ የተረፉ እንደሆኑ እናቱ ነገሩት። ስሌታችንን አንድ በአንድ አነበበላቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው ካዳመጡት በኋላ ምስሉን እንደገና አይተው፣ «በሐምሌ ጭቃ ይህን እግር ማን ሊያጥብለት ኖሯል?» አሉት። እኛ በጁልና በዋት የደረስንበትን እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ለበዓሉ ሦስቱን ነጠላ ኩክኒዎች ብቻ ሸጠው የቀሩትን ለዘር አስቀሩ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. 2 ኪሎ ግራም የሚመዝንን ዶሮ እንደ ኳስ በመቁጠር የገጽታ ስፋቱን አስሉ። በኪሎ ስንት ሜትር ካሬ ይሆናል? በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁለት ዶሮዎች ጋር አነጻጽሩ።

2. በክላይበር ሕግ መሠረት ሦስት ባለ 1.5 ኪሎ ዶሮዎች በድምሩ ስንት ዋት ያመነጫሉ? አንድ ባለ 4.5 ኪሎ ዶሮስ? ልዩነቱ በቀን በስንት ግራም እህል ይተመናል?

3. በአፋር ቆላ የአየሩ ሙቀት 41 ዲግሪ ሲደርስ በዶሮውና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ምን ያህል ይሆናል? በዚህ ጊዜ ኩክኒ እንደ ራዲያተር ሊሠራ ይችላልን? ዶሮው አፉን ከፍቶ የሚያለከልከው ለምንድን ነው?